መርፌ ላልተወጋበት ቀን ለምን ይከፈላል?

የእንስሳት ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ በዋጋ የሚከራከር ሰው እምብዛም የለም። ላሟ መኖ ትታለች፣ ወተቷ በግማሽ ወርዷል፣ ባለቤቷ ሌሊቱን ከበረት ወደ ቤት ስትመላለስ አድራለች። በዚያ ሰዓት የተጠየቀው ይከፈላል። ክርክሩ የሚነሳው ሐኪሙ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሲመጣ ነው። የላሟን ሙቀት ይለካል፣ ጡቷን ይዳስሳል፣ ጥቂት ወተት አልቦ ያያል፤ «ተሽሏታል፣ መድኃኒቱ እዚህ ላይ ይብቃ» ይላል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ሒሳብ ሲጠይቅ ባለቤቷ ትገረማለች፦ «ዶክተር፣ ዛሬ እኮ መርፌም አልወጓትም!»

በቢሾፍቱ፣ በሱሉልታ፣ በሆለታና የወተት ላም በሚረባባቸው የአዲስ አበባ ዳርቻዎች እንዲህ ያለው ንግግር እንግዳ አይደለም። ውሻ የሚያሳክሙ የከተማ ሰዎችም ያው ጥያቄ አላቸው። በእኔ እምነት ለአጭር የክትትል ጉብኝት መክፈል ተገቢ ነው። እንዲያውም ለላሟም፣ ለባለቤቷም፣ ወተቱን ለሚጠጣው ሕፃንም የሚበጀው ያ ክፍያ መኖሩ ነው። ሰውን የሚያስቆጣው፣ በትክክልም ሊያስቆጣው የሚገባው፣ አጠያየቁ ነው። ክፍያው አስቀድሞ አይነገርም፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ይታሰባል፤ ደረሰኝም ማብራሪያም የለውም።

እስቲ በመጀመሪያ በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራውን ቀረብ ብለን እንመልከት። የጡት በሽታ የያዛት ላም ሕክምና ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነው እንበል። ሐኪሙ ገና በረቱ በር ላይ ቆሞ ያያታል፤ ታመሰኳለች ወይስ አንገቷን ዘርግታ ቆማለች፣ ጆሮዋን ታንቀሳቅሳለች ወይስ ጥላዋለች፣ እበቷ እንደ ወትሮው ነው ወይስ ደርቋል። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ከጅራቷ ሥር ያስገባል። የጤነኛ ላም ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ በ38 እና በ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሆነ 40 ካነበበ ነገሩ ገና አልበረደም ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ እስኪቆም ድረስ እጁን በግራ ጎኗ ጎድጓዳ ቦታ ላይ አሳርፎ የጨጓራዋን እንቅስቃሴ ይቆጥራል፤ የጤነኛዋ በየደቂቃው አንዴ ሁለቴ ይነሳል፣ ይወርዳል። ቀጥሎ ከታመመው ጡት ጥቂት ወተት ጥቁር ሳህን ላይ ያልባል። ወተቱ ተቆራርጧል? ቀጥኗል? ደም አለበት? ከሌሎቹ ሦስት ጡቶችም ያልባል፤ በሽታው ተዛምቶ እንደሆነ ማወቅ አለበትና። በመጨረሻም ከሦስት አንዱን ይወስናል፦ መድኃኒቱ ይቁም፣ ይቀጥል፣ ወይስ ይለወጥ?

ባለቤቷ የምትከፍለው ለዚህ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ሲሳሳት የሚያስከፍለው ደግሞ ከጉብኝቱ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያለ ጊዜው የተቋረጠ ሕክምና በሽታውን ሥር ያሰድደዋል፤ ጡቱ ጨርሶ ወተት መስጠት ሊያቆም ይችላል፤ በሦስት ጡት የቀረችን ላም ገበያ ወስዶ የሚገባትን ዋጋ ማግኘት ከባድ ነው። ሳያስፈልግ የቀጠለ ሕክምና በበኩሉ በየቀኑ የመድኃኒት ወጪ ይጨምራል፤ መደፋት ያለበትን ወተትም ያበዛል። «ዛሬ መርፌ አያስፈልጋትም» የሚለው ቃል ለባለቤቷ ገንዘብ አትርፎላታል። ሆኖም በእጅ የሚያዝ ነገር ስላልተሰጣት ምንም ያልተደረገ ይመስላታል።

የሐኪሙ ወጪም አለ። አሥር ደቂቃው ያረፈው በአንድ ሁለት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ነው። ነዳጁ፣ የባጃጁ ወይም የሞተር ብስክሌቱ ኪራይ፣ በመንገድ ላይ ሳለ ያመለጠው ሌላ ጥሪ በሰዓት ቆጣሪ አይታይም። በደቂቃ ተሰልቶ «ለዚህ ይህን ያህል?» የሚለው ክርክር ስለዚህ ብዙ አያስኬድም።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚያሻው ግን ሌላ ነጥብ ነው። በአገራችን የግል የእንስሳት ሕክምና በአመዛኙ የቆመው በመድኃኒት ሽያጭ ላይ ነው። አርሶ አደሩ ለምርመራና ለምክር መክፈልን አልለመደም፤ በመንግሥት ክሊኒኮች የኖረው አነስተኛ ዋጋም ይህን ልማድ አጽንቶታል። በየከተማው የምናየው የግል ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ያለው ሰው ነው፤ እንጀራውን የሚያገኘው ከብልቃጡ ትርፍ ነው። ሐኪም ለዓይኑና ለእጁ ካልተከፈለው ለመርፌው እንዲከፈለው ያደርጋል። በሦስተኛው ቀን ላሟ ተሽሏት ቢያገኛት እንኳ ባዶ እጁን ላለመመለስ ቢያንስ ቫይታሚን መውጋት ይቀለዋል። ባለቤቷም መርፌውን አይታ ያለ ቅሬታ ትከፍላለች። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ፤ ላሟ ግን የማያስፈልጋትን ተወግታለች።

መርፌው ቫይታሚን ሲሆን ጉዳቱ በገንዘብ ይቀራል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲሆን ጉዳቱ ከበረቱ ይወጣል። ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን የተወጋች ላም ወተት፣ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ለሰው መሰጠት የለበትም። ቀኑ እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና ጥንካሬ ይለያያል፤ አንዱ በጥቂት ቀናት ይበቃዋል፣ ሌላው ረዘም ይላል። በወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎች የተለመዱት የአልኮልና የላክቶሜትር ምርመራዎች ወተቱ መጎምዘዙን ወይም ውሃ መቀላቀሉን እንጂ መድኃኒት መኖሩን አያሳዩም። አንዳንድ ጊዜ ነገሩ የሚታወቀው ወተቱ እርጎ አልሆን ሲል ነው፤ መድኃኒቱ የሚያረጉትንም ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስለሚገድላቸው። እንግዲህ ያቺ ላም መርፌዋ በትክክለኛው ቀን እንዲቆም የሚያደርገው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ያህል ቀን ወተቷን አትሽጪ» የሚለው፣ ያው ሳይከፈልበት እንዲሆን የምንመኘው ጉብኝት ነው። ሌላም ጉዳት አለ፤ ፀረ ተሕዋስያን ሳያስፈልግ በተሰጠ ቁጥር ባክቴሪያዎች ሊላመዱት ይችላሉ። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደሆኑ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ገምቷል። ከዚህ ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት አጠቃቀም ድርሻ ይህን ያህል ነው ብሎ መቁረጥ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ድርሻ እንዳለው የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ የሚያስጠነቅቅበት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ክትትሉ በነጻ ይሁን የሚለው ጥያቄ ለባለቤቷ የሚያደላ ቢመስልም መጨረሻው ተጨማሪ መርፌ ነው።

ይህን ስል የባለቤቷን ቅሬታ ማጣጣሌ አይደለም። አንድ የአገሬው ዝርያ ላም በአማካይ በቀን ሁለት ሊትር እንኳ አትሰጥም። በእሷ ወተት ልጆች ለሚያስተምር ቤተሰብ ሁለተኛው የሐኪም ሒሳብ የቀናት ወተት ነው። የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ ሽቅብ ሲሄድ የወተቱ ዋጋ በዚያው ልክ አይሄድለትም። ዲቃላ ላሞች ያሉት፣ ሠራተኛ የቀጠረ አርቢና አንዲት ላም ያለችው እናት ለአንድ ጉብኝት እኩል ሲጠየቁ ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ ሸክሙ አንድ አይደለም። ደግሞም የማይገቡ አሠራሮች አሉ። በአንድ ሰፈር አራት ቤት ለማየት አንድ ጊዜ የመጣ ሐኪም የመጓጓዣውን ሙሉ ዋጋ ከአራቱም ሲቀበል ይህ ዝርፊያ ነው፤ በሌላ ስም ልጠራው አልችልም። «ነገ መጥቼ አያታለሁ» ብሎ ሄዶ፣ ያ መምጣት ሒሳብ እንዳለው ሳይናገር ሲመለስ እጅ ጠምዝዞ እንደማስከፈል ነው። ባለቤቷ ሐኪሙ ይምጣ አይምጣ መምረጥ አልቻለችምና።

የዚህ ዓይነቱ ቅሬታ ምን ያህል ሥር እንዳለው ለማየት ብሪታንያን መመልከት ይጠቅማል። የዚያች አገር የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የውሻ፣ የድመትና የሌሎች የቤት እንስሳት ሕክምና ገበያን መፈተሽ ሲጀምር 56,000 ያህል ምላሽ ጎረፈለት፤ ከእነዚህ 11,000 ገደማው ከሙያው ሰዎች የመጣ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ፍተሻው ወደ ሙሉ ምርመራ አደገ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ይፋ በሆነው ጊዜያዊ ውሳኔ መሠረት የሕክምና ዋጋ ከ2016 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት በ63 በመቶ አሻቅቧል፤ ይህም ከጠቅላላው የዋጋ ንረት በእጅጉ የሚበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከክሊኒኮቹ አሥር በመቶ ገደማ ብቻ የነበራቸው ትላልቅ ኩባንያዎች አሁን ስድሳ በመቶ ገደማውን ይዘዋል። ብዙ ሰው ሰፈሩ ያለውን ክሊኒክ የዱሮው ሐኪም ንብረት እየመሰለው ለሌላ ባለቤት ይከፍል ነበር።

በዚያ ምርመራ ውስጥ እኔን የያዘኝ ከጭማሪው ይልቅ ሌላ ግኝት ነው። ባለሥልጣኑ ከተመለከታቸው ክሊኒኮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በድረ ገጻቸው ላይ አንድም ዋጋ አልጻፉም። ሰዉ ሲያማርር «ተወደደ» ከማለት አልፎ «ሳላውቀው መጣብኝ» ይላል። ባለሥልጣኑ በዚያ ጊዜያዊ ውሳኔ ያቀረባቸው መፍትሔዎችም ዋጋን በጥቅሉ ከመተመን ይልቅ ወደ ግልጽነት ያዘነበሉ ነበሩ፦ የዋጋ ዝርዝር ይውጣ፣ የክሊኒኩ ባለቤት ይታወቅ፣ ከ500 ፓውንድ የሚበልጥ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ግምቱ በጽሑፍ ይሰጥ። ጣሪያ እንዲበጅለት የቀረበው የማዘዣ ወረቀት ክፍያ ነበር፤ ከ16 ፓውንድ እንዳይበልጥ የሚል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ መድኃኒቱን ከሌላ ቦታ በርካሽ እንዳይገዛ ወረቀቱ ራሱ ማገጃ ሆኖ ነበር።

እኛ ዘንድ ክሊኒክ የሚገዙ ግዙፍ ኩባንያዎች የሉም። ሰፈሩን የያዘው አንድ ባለሙያ፣ አንድ ሞተር ብስክሌትና አንድ የመድኃኒት ሳጥን ነው። ዋጋው ተጽፎ አለመታየቱ ግን ያው ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የሸቀጡንና የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዘዘ ነበር። በእንስሳት መድኃኒት መሸጫ መደርደሪያ ላይ የብልቃጡ ዋጋ ሊገኝ ይችላል፤ የጉብኝቱ ዋጋ ግን የሚገኘው በሐኪሙ አንደበት ነው፤ እሱም ሥራው ካለቀ በኋላ።

ለዚህ መፍትሔ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በሰው ሕክምና የለመድነው ካርድ አለ። ሰው የግል ክሊኒክ ሄዶ ካርድ ሲያወጣ ካርዱ ለተወሰኑ ቀናት ያገለግላል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ለዚያው ሕመም ተመልሶ ሐኪሙን ቢያይ ለካርድ ደግሞ አይከፍልም፤ ለአዲስ ምርመራ ወይም ለአዲስ መድኃኒት ግን ይከፍላል። ቀኑ ሲያልፍ ካርዱ ይታደሳል። ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም፤ የሚከራከርበትም ጥቂት ነው፤ አስቀድሞ ያውቀዋልና። ለከብት ያልተደረገበት ምክንያት አይታየኝም። የመጀመሪያው ቀን ዋጋ አንድ የክትትል ጉብኝት የያዘ ይሁን። ለምሳሌ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ 1,000 ብር የሚጠይቅ ሐኪም ክትትሉን ጨምሮ 1,300 ይበል። ባለቤቷ ሙሉውን ታውቃለች፤ ሐኪሙም በሦስተኛው ቀን ቫይታሚን መውጋት አያስፈልገውም። አንድ ስጋት አለ፤ አስቀድሞ የተከፈለው ሐኪም በሦስተኛው ቀን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የክትትሉ 300 ብር ሲመጣ የሚከፈል ቢሆን ይሻላል፤ መጠኑ ግን በመጀመሪያው ቀን ይነገር።

ሁሉም መመለስ አንድ ዓይነት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የተጀመረውን መድኃኒት ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ለመውጋት ወይም የቀዶ ሕክምና ክር ለማውጣት መምጣት የመጀመሪያው ሥራ ቅጥያ ነው፤ ዋጋው እዚያው ውስጥ መታሰብ ነበረበት። ንጽሕና በጎደለው መርፌ የተወጋ ቦታ መግል ቢይዝ ሐኪሙ በራሱ ወጪ መጥቶ ማከም አለበት። በአንጻሩ ለጡት በሽታ የተጠራ ሐኪም በክትትሉ ቀን «ዶክተር፣ ይቺን ጥጃም እግረ መንገድዎን ይዩልኝ» ሲባል፣ ጥጃዋ አዲስ ታካሚ ናት። ይህችን «እግረ መንገድ» የሚያውቃት ያውቃታል፤ ባለቤቶችም በበኩላችን ፍትሕ የምናጓድልባት ቦታ ናት።

አስቸጋሪው አገርሽቶ የሚመለስ በሽታ ነው። ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም በወለደች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በደሟ ያለው ካልሲየም ወርዶ ትወድቃለች፤ የወተት ትኩሳት ይሉታል፤ ሙቀቷ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም። ሐኪሙ ካልሲየም በደም ሥር ቀስ አድርጎ፣ ልቧን እያዳመጠ ይሰጣታል። ብዙዎቹ ዓይን እያየ ይነሳሉ፤ ሰዉ ያጨበጭባል። ሆኖም ከተነሱት ውስጥ ቀላል የማይባሉት በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ደግመው ይወድቃሉ። ይህ የሐኪሙ ጥፋት አይደለም፤ የበሽታው ጠባይ ነው። ግን ትናንት ስትነሳ ያጨበጨበ ቤተሰብ ዛሬ ሐኪሙን በጥርጣሬ ያየዋል፤ «ሁለቴ ሊያስከፍል ነው በግማሽ ያከማት» ይላል። እዚህ ላይ ሁለተኛው ሕክምና ሙሉ በሙሉ መከፈል እንዳለበት አምናለሁ፤ መድኃኒቱም ድካሙም አዲስ ነውና። ያን ጊዜ ግን ሐኪሙ ትናንት፣ ላሟ ቆማ ሁሉም ሲደሰት፣ «ነገ ልትወድቅ ትችላለች፤ ከወደቀች ይህን ያህል ያስወጣል» ብሎ መናገር ነበረበት። ካልተናገረ ጥርጣሬውን የዘራው ራሱ ነው።

ስልክም ነገሩን ለውጦታል። የላሟን አረማመድ በቪዲዮ ቀርጾ በቴሌግራም መላክ ቀላል ሆኗል፤ ባለቤቷ ቴርሞሜትር ገዝታ ሙቀቱን ጠዋትና ማታ ጽፋ ብትይዝ ብዙ ጉብኝት ይቀራል። ለዚህም ትንሽ ክፍያ ቢኖር አይከፋም። ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲመልስ የሚውል ሐኪም ሥራ እየሠራ ነው፤ ያለ ክፍያ ሲሆን ውሎ አድሮ ስልኩን ማንሳት ይተዋል። የጡት መዳሰስና የጨጓራ ማዳመጥ ግን በስልክ አይሆንም።

ባለቤቱ ብቻውን ሊከፍለው የማይገባ ክትትልም አለ። ሰው የነከሰ፣ ግን ጤነኛ የሚመስል ውሻ ለአሥር ቀናት ተይዞ እንዲታይ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ በእነዚያ ቀናት በሽታ ካላሳየ፣ በነከሰበት ጊዜ የእብደት በሽታን በምራቁ አላስተላለፈም ማለት ነው። በዚህ ጉብኝት መርፌ የለም፣ መድኃኒት የለም፤ ሐኪሙ ውሻውን አይቶ ይመለሳል። በዚያች እይታ ላይ ግን የተነከሰው ልጅ ሕይወት ተንጠልጥሏል። የውሻው ባለቤት ለእያንዳንዱ መምጣት ክፈል ከተባለ ውሻውን ይለቀዋል ወይም ይገድለዋል፤ ያኔ የሚታይ ነገር ይጠፋል። ለሕዝብ የሚጠቅመውን ክትትል ሕዝቡ ይክፈለው፤ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በጀት ሲይዙ ቢያስቡበት ዋጋው ቀላል ነው። አንዲት ላም ላለቻት ቤተሰብም ቢሆን የመንግሥት ክሊኒኩ ክትትል በቅናሽ መቀጠል አለበት፤ ይህን ሸክም በግል ሐኪሙ ላይ መጫን አይቻልም።

የኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ለአባላቱ የክትትል ካርድ ናሙና ቢያዘጋጅ መልካም ጅምር ይሆናል። እስከዚያው ሐኪም የጠራ ሰው በመጀመሪያው ቀን፣ ሐኪሙ እጁን ሳይታጠብ በፊት፣ ይጠይቅ፦ ተመልሰው መምጣት ይኖርብዎታል? መቼ? ስንት ይሆናል? በስልክ የሚያልቅ ነው? ሐኪሙም በክትትሉ ቀን ሒሳብ ሲጠይቅ ቁራጭ ወረቀት ይስጥ። ቀኑን፣ ያገኘውን ሙቀት፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ መድኃኒቱ መቆሙን ወይም መቀጠሉን፣ ወተቱ ከስንት ቀን በኋላ ለሰው እንደሚሆን ይጻፍበት። ያ ወረቀት ለባለቤቷ የከፈለችበትን ያሳያታል። ላሟ ሌላ ጊዜ ስትታመምም የሚመጣው ሌላ ሐኪም ከዚያ ይነሳል።